ከአጠቃላይ የአይቲ ሥራ ወደ ዳታቤዝ፦ መንገዱን አውቆ መምረጥ

በብዙ መሥሪያ ቤት ፕሪንተር የሚያስተካክለው፣ የኔትወርክ ገመድ የሚዘረጋው፣ ዊንዶውስ የሚጭነው፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ አልከፈት ሲል የሚጠራውና የሰው ኃይል ሲስተሙን ባካፕ የሚወስደው ሰው አንድ ነው። ይህ ባለሙያ ወደ ዳታቤዝ ማዘንበል ሲፈልግ ግራ የሚያጋባው የምክሩ ብዛት ነው። አንዱ ኦራክል ተማር ይለዋል፣ ሌላው ፓይተን፣ ሌላው ፓወር ቢአይ። ምክሩ የሚጋጨው እያንዳንዱ መካሪ የሚያወራው ስለተለያየ ሥራ በመሆኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራውን ዓይነት ይለዩ፤ ቀጥለው አንድ ኢንጂን (ዳታቤዙን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ኦራክል) ብቻ ይምረጡ፤ ከዚያም ሰርተፊኬት ከማሰብዎ በፊት የጠፋ ዳታ በእጅዎ መመለስ እስኪችሉ ይለማመዱ።

ሥራዎቹ ምንና ምን ናቸው

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ፣ በተለምዶ ዲቢኤ የሚባለው፣ ዳታው እንዳይጠፋና ሲስተሙ እንዳይቆም ተጠያቂ የሆነ ሰው ነው። ባካፕና ሪስቶር (ከባካፕ መመለስ)፣ የተጠቃሚ ፈቃድ፣ ፓች፣ ተጠባባቂ ሰርቨር፣ የዲስክ ቦታ፣ የዘገየ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ሁሉም የእሱ ናቸው። ሥራውን ከመምረጥዎ በፊት ሰዓቱን ይወቁ። ፓች የሚጫነው ተጠቃሚ በሌለበት በሌሊት ወይም በእሁድ ነው። ባንክ ውስጥ ደግሞ የቀን መዝጊያው ሂደት በሌሊት ይሠራል፤ መሃል ላይ ቆሞ እስኪነጋ ካልተጠናቀቀ ቅርንጫፎች ሥራ መጀመር ይቸገራሉ፤ የሚደወለውም ለዲቢኤው ነው። ሥራው የሚስማማው ሰው ሲጨንቀው እጁ ለኪቦርድ የማይቸኩል፣ ያደረገውን ሁሉ የሚጽፍ፣ «አሁኑኑ ሰርዝልኝ» ሲባል «በጽሑፍ ይምጣ» ለማለት የማያፍር ነው። ሰርቨር፣ ስቶሬጅና ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሠራ አጠቃላይ ባለሙያ ለዚህ ሥራ ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል። ዲስክ ሲሞላ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ ዩፒኤስ ሲከዳ ምን እንደሚከተል ቀድሞ ያውቃልና።

የዳታቤዝ ዴቨሎፐር ቴብል ይነድፋል፣ ስቶርድ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ኮድ) ይጽፋል፣ የከበደን ኩዌሪ ያቀልላል። በአፕሊኬሽን ድጋፍ ላይ የቆየ፣ «ሪፖርቱ ለምን አልገጠመም?» የሚለውን ጥያቄ እስከ ሥሩ መከታተል የሚወድ ሰው እዚህ ይሳካለታል።

የዳታ ተንታኝ ከኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ጋር ፓወር ቢአይ ወይም ኤክሴል ይጠቀማል፤ ዋናው ችሎታው ግን የፋይናንስ ወይም የሽያጭ ክፍሉ በትክክል የሚጠይቀውን መረዳት ነው። መግቢያው ከሁሉም ይቀላል፤ ተወዳዳሪውም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

የዳታ ኢንጂነር ከብዙ ምንጭ ዳታ እየሰበሰበ፣ እያጸዳ ወደ አንድ ማከማቻ ያደርሳል። ፓይተን፣ ሊኑክስ፣ ክላውድና ጠንካራ ኤስኪውኤል ይጠይቃል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚመኘው ይህን ነው። ሆኖም ከአጠቃላይ አይቲ ተነስቶ በቀጥታ መድረስ ከባድ ስለሆነ በዴቨሎፐርነት ወይም በዲቢኤነት በኩል ቢያልፉ መንገዱ ያጥራል።

ለመወሰን ቀላል ዘዴ አለ። ባለፉት 3 ወራት ማንም ሳያስገድድዎ ከሥራ ሰዓት ውጭ የተመራመሩበትን ጉዳይ ያስታውሱ። የሰርቨር መቆም ከሆነ ዲቢኤ፣ የተሳሳተ ድምር ከሆነ ዴቨሎፐር ወይም ተንታኝ፣ በየቀኑ የሚደጋገም ሥራን በስክሪፕት ማስቀረት ከሆነ ዳታ ኢንጂነር ወደሚለው ያዘንብሉ።

ኢንጂኑን ካሉበት ቦታ ይጀምሩ

በተሻለ ኢንጂን ላይ ከመከራከር በፊት መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ አሁን የሚሠራውን ይፈልጉ። ሰርቨሩ ላይ የሰርቪሶችን ዝርዝር ይክፈቱ፤ ክፍት ፖርቶችንም ይመልከቱ። ካልተቀየረ በስተቀር 1433 ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ 1521 ኦራክል፣ 3306 ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ፣ 5432 ፖስትግሬስ ነው። ያገኙትን በአንድ ገጽ ይመዝግቡ፦ የሲስተሙ ስም፣ የኢንጂኑ ቨርዥን፣ የዳታው መጠን፣ የመጨረሻው ባካፕ ቀን፣ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ያለው ማን ዘንድ እንደሆነ። ብዙ ቦታ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ባዶ ሆነው ይገኛሉ፤ የእርስዎ የመጀመሪያ የዳታቤዝ ሥራም እዚያ ላይ ይጀምራል።

ባንክና ኢንሹራንስ ውስጥ መሥራት ለሚያስብ ሰው ኦራክል ትልቅ ዋጋ አለው። ፍሌክስኪዩብ የተባለው የኮር ባንኪንግ ሲስተም የራሱ የኦራክል ኩባንያ ምርት ሲሆን የሚሠራውም በኦራክል ዳታቤዝ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር በመካከለኛ ድርጅቶች፣ በሆስፒታሎችና አክቲቭ ዳይሬክተሪ በተዘረጋባቸው ቢሮዎች ይበዛል፤ ዊንዶውስ ሰርቨር ለሚያውቅ ሰው የሚጎረብጠው ነገር ትንሽ ነው። ፖስትግሬስን ብዙዎች አሳንሰው ያዩታል፤ ይህ ስህተት ነው። የጤና ሚኒስቴር ለመረጃ ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ2 የሚሠራው በፖስትግሬስ ነው። የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ ኦዱም እንዲሁ ነው። የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተሰኘው መድረክም ፖስትግሬስን ይጠቀማል። የላይሰንስ ክፍያ የለውም፤ ሊኑክስን አብረው እንዲማሩ ስለሚያስገድድ በኋላ ወደ ክላውድ መሻገርን ያቀልላል።

ፒችትሪ የሚሠራበት ፐርቫሲቭ የተባለው ኢንጂን ግን የሙያ መንገድ ለመሆን ጠባብ ነው። ባካፑን በሚገባ ይያዙ፤ ጊዜዎን ለሌላ ያውሉ።

መሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ምንም ከሌለ ምክራችን ፖስትግሬስ ነው፤ ባንክ ለመግባት የቆረጠ ብቻ በኦራክል ይጀምር። ሁለት ኢንጂን ጎን ለጎን መጀመር ግን የአንዱን ትዕዛዝ ከሌላው እያደባለቁ ሁለቱንም ላይ ላዩን ማወቅ ነው።

የልምምድ ቤተ ሙከራ

ራሙ 16 ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስ ጭነው እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት ራምና 60 ጊጋባይት ዲስክ ያላቸው ሁለት ማሽኖች ይፍጠሩ። አንዱ ዋና፣ ሌላው ባካፕ የሚመለስበት ነው። ራሙ 8 ብቻ ከሆነ አንድ ማሽን ይፍጠሩና ሪስቶሩን በሌላ ስም እዚያው ያድርጉ።

የኤስኪውኤል ሰርቨር ዴቨሎፐር ኤዲሽን ነፃ ነው፤ የኢንተርፕራይዙን ገጽታዎች ሁሉ ይዟል፤ ለምርት ሥራ ግን አይፈቀድም። ኤክስፕረስ ለምርት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በ2019 እና በ2022 ቨርዥኖች አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም፤ ኤጀንት የተባለው የጊዜ ቀጠሮ ሰጪም የለውም፤ ስለዚህ ባካፑን በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ማስያዝ ይኖርብዎታል። የኦራክል 19ሲ የሊኑክስ ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ኮኔክሽን በሚፈጥንበት ሰዓት ያውርዱትና በኤክስተርናል ዲስክ ያስቀምጡት። ለልምምድ የሚሆን ዝግጁ ዳታም አለ፦ ለኤስኪውኤል ሰርቨር አድቬንቸርወርክስ፣ ለፖስትግሬስ ፓጊላ፣ ለማይኤስኪውኤል ሳኪላ።

የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ለኤስኪውኤል ቋንቋ ብቻ ይሁኑ፤ የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ከዚህ አያመልጡም። በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 5 ጥያቄ ራስዎ እየጻፉ ይመልሱ። ጀማሪን የሚጥሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ሌፍት ጆይን (ሁለት ቴብል ሲያገናኝ የግራውን ረድፎች በሙሉ የሚይዝ) አድርጎ የቀኙን ቴብል ማጣሪያ ዌር ውስጥ ማስገባት ነው። እንዲህ ሲሆን ያልተዛመዱት ረድፎች በሙሉ ይወድቃሉ፤ ጆይኑም ተራ ኢነር ጆይን ሆኖ ይቀራል። ማጣሪያው ኦን ከሚለው ቃል በኋላ መግባት ነበረበት። ሁለተኛው ኖት ኢን ነው፤ በውስጡ ያለው ዝርዝር አንድ ነል (ባዶ ዋጋ) ከያዘ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። በሱ ፈንታ ኖት ኤግዚስትስን ይልመዱ።

ቀጣዮቹ 4 ሳምንታት የኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) እና የኤክስኪዩሽን ፕላን (ኢንጂኑ ኩዌሪውን የሚሠራበት ቅደም ተከተል) ናቸው። አንድ ሚሊዮን ረድፍ ያለው ቴብል ይፍጠሩ፤ ያለ ኢንዴክስ ይፈልጉ፤ ሰዓቱን ይጻፉ፤ ኢንዴክስ ጨምረው ይድገሙት። ከዚያ ቀኑ የተመዘገበበትን ዓምድ በፈንክሽን ጠቅልለው ይፈልጉና ኢንዴክሱ እንዴት ከጥቅም ውጭ እንደሚሆን ፕላኑ ላይ ይዩ። በየቢሮው «ሲስተሙ ዘገየ» ከሚባለው አቤቱታ ብዙው መነሻው ይህ ነው።

ሪስቶር፦ እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ

የቀሩት 4 ሳምንታት ለሪስቶር ይዋሉ። ዴቨሎፐር ወይም ዳታ ኢንጂነር ለመሆን ያሰበም ይህን ምዕራፍ አይዝለል። ባካፕ መውሰድን ሁሉም ያውቃል፤ ባካፑ የሚሠራ መሆኑ የሚታወቀው ግን ሲመለስ ብቻ ነው።

በኤስኪውኤል ሰርቨር ልምምዱ እንዲህ ነው። የዳታቤዙን ሪከቨሪ ሞዴል ፉል ያድርጉ፤ ይህ ሎጉን፣ ማለትም የለውጦቹን መዝገብ፣ ባካፕ እስኪደረግ ያቆያል፤ ሙሉ ባካፕ ይውሰዱ። በየ15 ደቂቃው የሎግ ባካፕ ያስይዙ፤ በመካከል ረድፎች ያስገቡ። ሦስተኛው የሎግ ባካፕ ካለፈ በኋላ ዌር የሌለው ዲሊት (ረድፉን ሁሉ የሚሰርዝ ትዕዛዝ) ሆን ብለው ያሂዱና ሰዓቱን ይመዝግቡ። ሰዓቱን ከራሱ ከሰርቨሩ ላይ ይገልብጡ፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡10 ያሉት ሰርቨሩ ላይ 14፡10 ነው፤ እዚህ ላይ የ6 ሰዓት ስህተት መሥራት በጣም ቀላል ነው። ከዚያ ያልተቀዳውን የሎግ ጅራት ባካፕ ያድርጉ። ሙሉ ባካፑን ኖሪከቨሪ በሚለው ምርጫ ይመልሱ፤ ሎጎቹን በተወሰዱበት ተራ በዚያው ምርጫ ይቀጥሉ፤ በመጨረሻው ሎግ ላይ ስቶፕአት ብለው ከዲሊቱ አንድ ደቂቃ በፊት ያለውን ጊዜ ይስጡና ሪከቨሪ ያድርጉ። በቼክዲቢ ጤንነቱን ይመርምሩ፤ የፈጀውን ጊዜ ይጻፉ።

በመሃል ኖሪከቨሪን ከረሱ ዳታቤዙ ይከፈታል፤ ቀሪዎቹን ሎጎች አይቀበልም፤ እንደገና ከሙሉ ባካፑ መጀመር ነው። ሌላ ሰርቨር ላይ ሲመልሱ ደግሞ ዳታው ሁሉ እያለ አፕሊኬሽኑ መግባት ይከለከላል። ምክንያቱ ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ተጠቃሚና በአዲሱ ሰርቨር ላይ ያለው ሎጊን የውስጥ መለያ ቁጥራቸው ስለማይገናኝ ነው፤ ተጠቃሚውን በኦልተር ዩዘር ትዕዛዝ ከሎጊኑ ጋር እንደገና ማገናኘት ይፈታዋል።

በኦራክል ይህንኑ በባካፕ መሣሪያው በአርማን፣ ዳታቤዙን ያለፉ ሎጎችን በሚያስቀምጠው አርካይቭሎግ ሞድ ላይ አድርገው ይሥሩት። በፖስትግሬስ ፒጂ ደምፕ (ዳታውን ወደ ፋይል የሚያወጣው ትዕዛዝ) ብቻውን ወደፈለጉት ደቂቃ አይመልስዎትም፤ ፒጂ ቤዝባካፕ (የሙሉ ባካፕ ትዕዛዙ) እና የዋል (የለውጥ ሎግ) ፋይሎች ማከማቻ አብረው ያስፈልጋሉ። ሰርቨሩ ራሱ ቢቃጠል ወይም ራንሰምዌር ቢገባ የሚተርፍ ቅጂ እንዲኖር ደግሞ 3 ቅጂ፣ 2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1 ከሕንፃው ውጭ የሚለውን ደንብ ይጠብቁ። ሁልጊዜ በሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ የሚኖር ኤክስተርናል ዲስክ ከራንሰምዌር አያድንም፤ እሱም አብሮ ይመሰጠራል።

ዲስክ የሚሞላባቸው መንገዶች

ለጀማሪ ዲቢኤ በጣም የተለመደው አደጋ የዲስክ መሙላት ነው፤ በየኢንጂኑ መልኩ ይለያያል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ፉል ሞዴል ላይ ሆኖ የሎግ ባካፕ ካልተወሰደ ሙሉ ባካፕ በየቀኑ ቢወሰድም የሎግ ፋይሉ ማደጉን አያቆምም። መፍትሔው ሎጉን በመደበኛነት ባካፕ ማድረግ ነው፤ ያንን ደረጃ የማይፈልግ ሲስተም ከሆነ ሞዴሉን ሲምፕል ማድረግ። ፋይሉን በየሳምንቱ ሽሪንክ ማድረግ (ማሳነስ) ግን ምክንያቱን ሳይነካ ሥራውን ብቻ ያበዛል። ኦራክል የአርካይቭ ቦታው ሲሞላ ኦራ-00257 ብሎ አዲስ ተጠቃሚ አያስገባም። ፋይሎቹን በሊኑክስ ትዕዛዝ ዝም ብለው ቢሰርዙ ኦራክል መሰረዛቸውን ስለማያውቅ ቦታው እንደተያዘ ይቆጥረዋል፤ በአርማን ባካፕ አድርገው በአርማን ይሰርዙ። ፖስትግሬስ ደግሞ የተረሳ ሬፕሊኬሽን ስሎት (ተጠባባቂ ሰርቨር እስኪቀበል ፋይሎቹን የሚያቆይ ቅንብር) ካለ የዋል ፋይሎችን ዲስኩ እስኪሞላ ያከማቻል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ጤነኛ ኢንጂን ከሎጉ ራሱን ያስተካክላል፤ ችግር የሚመጣው ዲስኩ ወይም የሬይድ ካርዱ «ጽፌያለሁ» ብሎ ዋሽቶ ዳታውን ባትሪ በሌለው ካሽ ውስጥ ይዞ ሲገኝ ነው። ያንን ቅንብር ያረጋግጡ፤ ዩፒኤሱም ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ በኬብል ያገናኙት።

አማርኛ ዳታ የሚያውቅ ሰው

እዚህ ላይ ከውጭ ኮርስ የማይገኝ ዕውቀት አለ፤ ሲቪዎ ላይም ሊጠቅሱት የሚገባ ነው።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ አማርኛ ስም በተለመደው ቫርቻር ዓምድ ሲገባ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ የጠፋው ፊደልም አይመለስም። ዓምዱ ኤንቫርቻር ይሁን፤ በኮድ ውስጥ ከጽሑፉ በፊት ያለችው ኤን የምትባለዋ ፊደልም አትረሳ፤ እሷ ከሌለች ዓምዱ ትክክል ሆኖም የጥያቄ ምልክቱ ይመጣል።

በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ኦራክል የዓምድ ርዝመትን፣ ካልተነገረው በስተቀር፣ በባይት ስለሚቆጥር 20 የተባለ ዓምድ 6 ፊደል ብቻ ይይዛል። ተክለሃይማኖት 8 ፊደል ነው፤ 24 ባይት። ስለዚህ ኦራ-12899 ብሎ ይመልሰዋል። ርዝመቱን ቻር በሚለው አሃድ ያውጁ።

ቀንን በተመለከተ ደንቡ ግልጽ ነው፦ በዴት ዓምድ በጎርጎርዮሳዊው ያስቀምጡ፤ ለተጠቃሚው ሲታይ ወደ እኛ ይቀይሩ። የእኛን ቀን እንዳለ ዴት ዓምድ ውስጥ የሚከት ሲስተም ጥቅምት 29 ወይም 30 ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛ ወር ስለሆነ ኢንጂኑ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መስሎት አይቀበለውም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አያውቀውም። ከዚህ የከፋው በዝምታ የሚሳሳተው ነው። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ያለው ልዩነት 10 ቀን ሆኖ ሳለ ኢንጂኑ 8 ብሎ ያሰላል፤ ወለድ ወይም ቅጣት የሚሰላው በዚህ ከሆነ ሒሳቡ ለወራት ተሳስቶ ሊኖር ይችላል።

ስም ፍለጋም አለ። ፀሐይ፣ ጸሐይና ጸሀይ ለኢንጂኑ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የተጻፈውን ስም ሳይነኩ፣ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ተጨማሪ የፍለጋ ዓምድ ያዘጋጁና ኢንዴክሱን እሱ ላይ ይሥሩ።

ሰርተፊኬት

የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ በችኮላ አይግቡበት። የማይክሮሶፍቱ የአስተዳዳሪ ፈተና ዲፒ-300 ነው፤ ከ1000 ነጥብ ማለፊያው 700 ነው። ይዘቱ ወደ አዙር ክላውድ ያደላል። የቆየው የኤስኪውኤል ሰርቨር ሰርተፊኬት ኤምሲኤስኤ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ተዘግቷል፤ ለእሱ «እናዘጋጃለን» የሚል ማሠልጠኛ ካጋጠመዎት ይለፉት። ለተንታኝ ፒኤል-300፣ ለዳታ ኢንጂነር ዲፒ-700 አለ፤ ዲፒ-203 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 አብቅቷል። ኦራክል በ19ሲ ዘመን 1ዜድ0-082 እና 1ዜድ0-083 የተባሉ ሁለት ፈተናዎችን ለዲቢኤ ይጠይቃል። ለአገር ውስጥ ባንክ የኦራክሉ ሰርተፊኬት ክብደት አለው። ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሪስቶር ልምምድዎ መዝገብ ከሰርተፊኬት ያላነሰ ይናገርልዎታል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላሉ አንባቢዎች ሥሌቱ ትንሽ ይለያል። ከአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ጋር ኮንትራት ያላቸው ድርጅቶች ሲስተም ላይ ሰፊ ፈቃድ ላለው ሰው ብዙ ጊዜ ሴኪዩሪቲ ፕላስ የተባለውን የአይቲ ደኅንነት ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ፤ ማስታወቂያው ላይ የዜግነትና የክሊራንስ (የደኅንነት ማጣሪያ) መስፈርቱን ጭምር አንብበው ነው ፈተና መምረጥ ያለብዎት።

ከቢሮዎ ሳይወጡ ዲቢኤ መሆን

የሥራ ማስታወቂያ ከሪፖርተር ጋዜጣና ከኢትዮጆብስ 20 ያህል ይሰብስቡ። በአንድ ሠንጠረዥ የተጠየቀውን ኢንጂን፣ የልምድ ዓመትና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይመዝግቡ። አብዛኛው «በዳታቤዝ 2 ዓመት» ወይም ከዚያ በላይ የሚል ከሆነ ያንን ልምድ ማግኘት የሚችሉት አሁን ካሉበት ወንበር ነው።

ለቅርብ አለቃዎ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይጻፉ፦ ያሉት ዳታቤዞች ዝርዝር፣ ባካፕ ያላቸውና የሌላቸው፣ በወር አንዴ ሪስቶር እየሞከሩ ውጤቱን በጽሑፍ ለማቅረብ መፍቀዳቸውን የሚጠይቅ። ሁለት ቁጥር ያስወስኗቸው። ስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ ይቻላል? ሲስተሙ ቢበዛ ስንት ሰዓት ቆሞ መቆየት ይችላል? «ምንም አይጥፋ» የሚል መልስ ከመጣ ለዚያ የሚያስፈልገውን ሁለተኛ ሰርቨር ዋጋ አብረው ያቅርቡ፤ ውይይቱ ወዲያው ወደ መሬት ይወርዳል። የሥራ መዘርዝርዎ ላይ የዳታቤዝ ኃላፊነቱ በጽሑፍ እንዲገባ ይጠይቁ፤ በኋላ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው እሱ ነው።

ይህን ሲያደርጉ የደንበኞችን ስም፣ ስልክና ሒሳብ የያዘ እውነተኛ ዳታ ወደ ቤትዎ ላፕቶፕ አይውሰዱ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥራ ላይ ነው፤ ለልምምድ በተፈጠረ ወይም ስሙ በተቀየረ ዳታ ይጠቀሙ።

ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ የሚጠየቁት ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፦ ዳታቤዙ ቢበላሽ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ? ጥሩው መልስ ጥገና ከመሞከር በፊት ያለውን ፋይል እንዳለ መቅዳትና የመጨረሻውን ጤነኛ ባካፕ መለየት ነው። ቼክዲቢን ዳታ ማጣትን በሚፈቅደው የጥገና ምርጫ ወዲያው እጀምራለሁ የሚል ተወዳዳሪ ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል፤ ያ ምርጫ የተበላሸውን ገጽ ከነረድፎቹ ቆርጦ ይጥላልና። ከዚያ «በመጨረሻ ሪስቶር ያደረጉት መቼ ነው፣ መጠኑ ስንት ነበር፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ይባላሉ፤ በየወሩ የጻፉትን መዝገብ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ።